መቶ ዓመት በምን ይቈጠራል? የማርታና የማርያም የምሕረት እኅቶች ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በ2001 ዓ.ም በሞስኮ ከተማ የሚገኝ አንድ የክርስቲያን ሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር መቶኛ ዓመቱን አስቦ ዋለ። ስሙ «የማርታና የማርያም የምሕረት ቤት» ይባላል። የመቶ ዓመት በዓል ሲባል መቶ ዓመት ሙሉ ሳይቋረጥ የተሠራ ሥራ ይመስለን ይሆናል። የዚህ ማኅበር ታሪክ ግን እንዲያ አይደለም። በ1901 ዓ.ም ተከፈተ፤ በ1918 ዓ.ም በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። በሩ ተከፍቶ ድኻ የተቀበለበት የመጀመሪያው ዘመን 17 ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ቀጥሎ ከ60 ዓመት በላይ የዘለቀ ዝምታ አለ። መሥራቿ ተገድላለች፤ እኅቶቿ ተበትነዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑም ሲኒማ ቤት እስከ መሆን ደርሷል።

ታዲያ በመቶኛው ዓመት የተከበረው ምን ነበር? ሕንፃው ነውን? ወይስ የዘመኑ ርዝመት? ይህን ጥያቄ የማነሣው ስለ ሞስኮ ብቻ ብዬ አይደለም። የእኛም ሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ የጽዋ ማኅበራትና የበጎ አድራጎት ክፍሎች 10ኛ፣ 25ኛና 50ኛ ዓመታቸውን ያከብራሉ። በዓሉ ሲቃረብ ኮሚቴ ይዋቀራል፤ ቲሸርት ይታተማል፤ ባነር ይሰቀላል፤ ልዩ መጽሔት ይዘጋጃል። ይህ ሁሉ በራሱ ክፉ አይደለም፤ እግዚአብሔር ያደረገልንን ማሰብ የተገባ ነውና። ነገር ግን ዓመታችንን በምን እንደምንቈጥር ካላወቅን፣ በዓሉ እኛ ለራሳችን የምናነሣው ፎቶግራፍ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ዛሬ የእነዚህን እኅቶች ታሪክ አብረን እንድንመለከት እጋብዛችኋለሁ።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ የምትቀበል በመሆኗ በምሥጢራት ከእኛ ጋር አንድ አይደለችም። የዚህን ማኅበር መሥራች እነርሱ በቅድስና ይዘክሯታል፤ እኛ በስንክሳራችን የምናነብባት አይደለችም። ታሪኳን የምናነብበውም ጌታችን የደጉን ሳምራዊ ሥራ ምሳሌ አድርጎ እንዳስተማረን፣ ምሕረት ያደረገ ሰው በተገኘበት ሁሉ ከሥራው ልንማር ስለሚገባን ነው። (ሉቃ. 10፥30-37) ዘመናቱን ሁሉ የጻፍኳቸው በእኛ አቆጣጠር ነው።

የነገሥታት ወገን

ኤልሳቤጥ በ1857 ዓ.ም በጀርመን ሀገር፣ ዳርምሽታት በተባለች ከተማ ከመሳፍንት ወገን ተወለደች። እናቷ ልዕልት አሊስ፣ በልዑል ዓለማየሁ ታሪክ ምክንያት ስሟን የምናውቃት የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ልጅ ነበረች። ይህች እናት ልጆቿን ወደ ሆስፒታል ይዛ እየሄደች ለሕሙማን አበባ እንዲሰጡ ታለማምዳቸው ነበር። በ1871 ዓ.ም ቤተሰቡን የዲፍቴሪያ በሽታ መታው። እናቲቱም ሕመምተኞቿን ስታስታምም በዚያው በሽታ ተይዛ ዐረፈች። ያን ጊዜ ኤልሳቤጥ የ14 ዓመት ልጅ ነበረች። ምሕረት ዋጋ እንደሚያስከፍል በመጀመሪያ ያየችው በገዛ እናቷ ሞት ነው።

በ1876 ዓ.ም የሩሲያውን ንጉሥ የሦስተኛውን እስክንድር ወንድም፣ ልዑል ሰርጌይን አገባች። በ1881 ዓ.ም ከባለቤቷ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ተጓዘች። የጉዞው ምክንያት በደብረ ዘይት ተራራ ግርጌ፣ በጌቴሴማኒ፣ በመግደላዊት ማርያም ስም ለታነጸው የሩሲያ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ቤት ነበር። ኢየሩሳሌምን የተሳለሙ ኢትዮጵያውያን ወደ እመቤታችን መቃብር ሲወርዱ በዛፎች መካከል የወርቅ ጉልላቶቹን ያዩታል። ኤልሳቤጥ በዚያ ቆማ «ከዚህ ስፍራ ብቀበር» ብላ ተመኘች ይባላል። ይህን ምኞት አስታውሱት፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ያደገችው በሉተራን እምነት ነበር፤ እምነቷንም እንድትለውጥ ያስገደዳት አልነበረም። ከጋብቻዋ ሰባት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1883 ዓ.ም፣ አባቷ እያዘነባት በራሷ ፈቃድ የሩሲያን ቤተ ክርስቲያን እምነት ተቀበለች። በዚያው ዓመት ባለቤቷ የሞስኮ ገዥ ሆኖ ተሾመ።

የካቲት 10 ቀን 1897 ዓ.ም ካልያየቭ የተባለ አብዮተኛ በልዑል ሰርጌይ ሠረገላ ላይ ቦምብ ወረወረ። ኤልሳቤጥ የፍንዳታውን ድምፅ ሰምታ ስትሮጥ የደረሰችው በበረዶው ላይ ከተበታተነው ከባለቤቷ ሥጋ ዘንድ ነው። ተንበርክካ በገዛ እጇ ሰበሰበችው። ጥቂት ቀናት ቆይታም ገዳዩ ወደታሰረበት ወኅኒ ቤት ሄደች። ይቅር እንዳለችው ነገረችው፤ ንስሐም እንዲገባ ለመነችው። ነፍሱን እንዲያተርፍላትም ወደ ንጉሡ አማለደች። ሰውየው ግን ይቅርታ ለመጠየቅ እምቢ በማለቱ የሞት ፍርዱ ተፈጸመበት።

የምሕረት ቤቱ ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በእጇ ቂም የያዘ ሰው በዚያው እጁ ቁስል ሊያጥብ አይችልም። ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ከመክፈቷ በፊት ይህን ቂም ከእጇ ጥላለች።

በኪዳነ ምሕረት ቀን የተከፈተ በር

ከኀዘኗ በኋላ የኤልሳቤጥ ኑሮ ሌላ ሆነ። ጌጣጌጧን ሰብስባ ለመንግሥት የሚገባውን ለመንግሥት መለሰች፤ ለዘመዶቿ የሚሆነውን ሰጠች፤ የቀረውን ሸጠች። በገንዘቡም በሞስኮ ኦርዲንካ በተባለው መንገድ ላይ የአትክልት ስፍራ ያለው ግቢ ከነቤቶቹ ገዛች።

«የምሕረት እኅቶች» የሚለው ስም ከእርሷ በፊትም ነበረ። በ1836 ዓ.ም በሴንት ፒተርስበርግ በቅድስት ሥላሴ ስም የመጀመሪያው የምሕረት እኅቶች ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። በ1847 ዓ.ም ደግሞ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ልዕልት ኤሌና ፓቭሎቭና በቅዱስ መስቀል ስም ሌላ ማኅበር መሠረተች። እነዚያ ሴቶች ፒሮጎቭ በተባለው ታላቅ የቀዶ ጥገና ሐኪም መሪነት በጦር ሜዳ ቁስለኞችን አስታመሙ። ሴት ልጅ ወደ ጦር ሜዳ ሄዳ የወንድ ቁስል ታጥባለች ማለት በዚያ ዘመን ለብዙዎች ነውር ይመስል ነበር። ቁስለኞችን የመርዳት ይህ ልማድ በሩሲያ ሥር ሰድዶ ለእኛም ተርፏል። ከዐድዋ ድል በኋላ በ1888 ዓ.ም የሩሲያ ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን ቁስለኞቻችንን ለማከም ወደ ሀገራችን መጥቶ ነበር።

ኤልሳቤጥ የጨመረችው ነገር አንድ ነው። ከእርሷ በፊት የነበሩት ማኅበራት ዋና ሥራቸው ሕክምና ነበር፤ ገዳማቱ ደግሞ ዋና ሥራቸው ጸሎት ነው። እርሷ ሁለቱ በአንድ ቤት እንዲኖሩ ፈለገች። ስለዚህም ቤቱን በማርታና በማርያም ስም ጠራችው።

ቤቱ የተከፈተው በሩሲያውያን የዚያ ዘመን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 10 ቀን ነው። ወደ እኛ ቀመር ሲመለስ የካቲት 16 ቀን 1901 ዓ.ም ይሆናል። አዎን፣ የእመቤታችን የኪዳነ ምሕረት በዓል ነው! በእነርሱ ዘንድ ይህ በዓል በዚህ ቀን ስለማይከበር ታስቦበት የተመረጠ ነው አልልም። ነገር ግን የምሕረት ቤት በኪዳነ ምሕረት ቀን መከፈቱን ሳየው ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኛ በዚህ ቀን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንሰማለን። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም በሰጠው ጥርኝ ውኃ ምሕረት አገኘ። በሚዛኑ ላይ የተቀመጠችው ያቺ ጥርኝ ውኃ ናት። ጥያቄያችን «ዘመን በምን ይቈጠራል?» ከሆነ፣ ቤተ ክርስቲያናችን መልሱን በየዓመቱ የካቲት 16 ቀን ታስተምረናለች።

ማርታና ማርያም በአንድ ቤት

በቅዱስ ወንጌል እንደተጻፈው ጌታችን ወደ ቢታንያ በገባ ጊዜ ማርታ በመስተንግዶ ትደክም ነበር፤ ማርያም ግን ከእግሩ ሥር ተቀምጣ ቃሉን ትሰማ ነበር። (ሉቃ. 10፥38-42) ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ስናነብ ከሁለቱ አንዷን የምንመርጥ ይመስለናል። ጌታችን ግን ማርታን የገሠጻት ስላገለገለች ሳይሆን በብዙ ነገር ስለታወከች ነው። አልዓዛር በሞተ ጊዜም ጌታን ልትቀበል ወጥታ በእርሱ ማመኗን የመሰከረችው ይህችው ማርታ ናት። (ዮሐ. 11፥20-27)

በኤልሳቤጥ ቤት ይህ ትርጓሜ የዕለት ሥርዓት ሆነ። እኅቶች ቀናቸውን በጸሎት ይጀምራሉ፤ ከዚያ ወደ ድውያን ይሄዳሉ፤ በሥራም በጸሎትም ቀኑን ይፈጽማሉ። የሚቀበሏቸው ከ21 እስከ 40 ዓመት ዕድሜ ያላቸውን ሴቶች ነበር። የምንኵስና ስእለት አያስገቧቸውም፤ ለተወሰነ ዘመን ለማገልገል ቃል ይገባሉ። ዘመናቸው ሲፈጸም ትዳር የሚሹ ወደ ትዳራቸው መሄድ ይችሉ ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 1902 ዓ.ም ጳጳሱ ትሪፎን የመጀመሪያዎቹን 17 እኅቶች በጸሎት ለአገልግሎት ለዩአቸው። ኤልሳቤጥም ከእነርሱ ጋር የልዕልትነት ልብሷን አውልቃ የእኅትነትን ልብስ ለበሰች። ቍጥራቸው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ መቶ ተጠጋ።

በግቢው ውስጥ 22 አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል፣ ድኾች በነጻ የሚታዩበት ክሊኒክ፣ መድኃኒት ቤት፣ ለወላጅ አልባ ልጃገረዶች መኖሪያ ቤት፣ በፋብሪካ ለሚሠሩና ፊደል ላልቈጠሩ ሴቶች የእሑድ ትምህርት ቤት ነበሩ። ከማዕድ ቤቱ በየቀኑ ከ300 በላይ ለሚሆኑ ድኾች ምሳ ይወጣ ነበር። ሐኪሞቹ ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ እኅቶችንም ያስተምራሉ። የነፍስ አባታቸው ቀሲስ ሚትሮፋን ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኑን የሠራው ሽቹሴቭ የተባለው ስመ ጥር መሐንዲስ፣ ሥዕሎቹን የሣለው ደግሞ ኔስቴሮቭ ነው። ሕንፃው ዛሬም ውበቱ ይደነቃል፤ ሆኖም ቤቱን ቤት ያደረገው እርሱ አልነበረም።

ቤቱን ቤት ያደረገውን ለማየት ኺትሮቭካ ወደተባለው ገበያ መውረድ ያስፈልጋል። ኺትሮቭካ በዚያን ጊዜ ሌቦች፣ ሰካራሞችና ቤት የሌላቸው የሚያድሩበት የሞስኮ ክፉ ሰፈር ነበር። ፖሊሶች ለሕይወቷ ዋስትና መስጠት እንደማይችሉ ቢነግሯት፣ ሕይወቷ በእግዚአብሔር እጅ እንጂ በእነርሱ እጅ አለመሆኑን ነግራ አመስግና አለፈች። ቫርቫራ የተባለችውን እኅት አስከትላ ከቤት ቤት እየዞረች፣ ለልመናና ለስርቆት የሚያሰማሯቸውን ሕፃናት ከወላጆቻቸው እየለመነች ወደ ትምህርት ቤት ትወስድ ነበር።

ታሪኳን የጻፉ ሰዎች ደጋግመው የሚተርኩት አንድ ነገር አለ። አንዲት ምስኪን ሴት የላምባ ምድጃ ተገልብጦባት ሰውነቷ ሁሉ ተቃጥሎ ወደ ቤቱ መጣች። ሐኪሞች ተስፋ ቈርጠውባት ነበር። ኤልሳቤጥ ግን በየቀኑ ሁለት ጊዜ በገዛ እጇ ቁስሏን ታጥብና ፋሻ ትለውጥላት ነበር። አንዱ ጊዜ ብቻ ከሁለት ሰዓት በላይ ይፈጅ ነበር። የቁስሉ ሽታ ከመጽናቱ የተነሣ ልብሷን አየር ላይ መስቀል ግድ ይላት ነበር። ሴቲቱ ግን ዳነች። ልብ በሉ! የንጉሥ ወንድም ሚስት የነበረች ሴት ለአንዲት ስሟ ላልተመዘገበ ድኻ ነው ይህን ያደረገችው።

ኤልሳቤጥ በጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን የነበረው የሴቶች ዲያቆናት አገልግሎት በማኅበሯ እንዲታደስ ለሲኖዶሱ አመልክታ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ የክንክራኦስን ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ፌቤንን በመልእክቱ ያመሰግናታል፤ (ሮሜ 16፥1-2) በእኛም ፍትሐ ነገሥት ስለ ሴቶች ዲያቆናት የተነገረ አለ። በሩሲያ ግን ነገሩ ብዙ ካከራከረ በኋላ ሳይጸድቅ ቀረ። እርሷም ማዕርጉ ስላልተሰጣት ሥራውን አልተወችም። ከስሙ ይልቅ አገልግሎቱን መርጣ ቀጠለች።

ከምስጋና ይልቅ ድንጋይ

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ እኅቶቹ ቁስለኛ ወታደሮችን ያስታምሙ ጀመር። ኤልሳቤጥ በሆስፒታል የነበሩትን የጀርመን ምርኮኞችም ጐበኘች። ይህ በሕዝቡ ዘንድ ክፉ ወሬ አስነሣባት። «ጀርመናዊት ናት፤ ሰላይ ናት» ተባለች። ትናንት ልጆቻቸውን ያስተማረችላቸው፣ ሕሙማናቸውን ያስታመመችላቸው የሞስኮ ሰዎች ድንጋይ ወረወሩባት። በጎ ሥራ ሁልጊዜ በጎ ምላሽ ያስገኛል ብሎ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ድንጋይ ይመለሳል፤ ኤልሳቤጥ ግን ሥራዋን የጀመረችው ባለቤቷን ለገደለው ሰው ይቅርታ አድርጋ ነውና አልተመለሰችም።

በ1910 ዓ.ም የቦልሼቪኮች መንግሥት ሥልጣን ከያዘ በኋላ ከሀገር እንድትወጣ መንገድ ቢከፈትላትም፣ እኅቶቿንና ድውያኖቿን ትታ መሄድን አልወደደችም። በዚያው ዓመት ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እኛ «ቶማስ» ብለን በምንጠራው ዕለት፣ ወታደሮች መጥተው ወሰዷት። ቫርቫራ ነጻ መሄድ ትችል ነበር፤ እናቷን ግን አልተለየችም። ሐምሌ 11 ቀን በኡራል ተራሮች አካባቢ፣ አላፓየቭስክ በተባለ ስፍራ፣ ከሌሎች የንጉሣውያን ቤተሰቦች ጋር በሕይወት ሳሉ ወደ ጥልቅ የማዕድን ጉድጓድ ተጣሉ። ከጉድጓዱ የመዝሙር ድምፅ ይሰማ ነበር ይባላል። ኋላ አስከሬኖቹ ሲወጡ፣ አብሯት የተጣለው የልዑል ዮሐንስ የራስ ቁስል ከእርሷ የራስ መሸፈኛ በተቀደደ ጨርቅ ታስሮ እንደተገኘ ይተረካል። በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ እርሷም እየሞተች፣ የመጨረሻ ሥራዋ የሰው ቁስል ማሰር ነበር።

አስከሬኗ ከሀገር ሀገር ተንከራትቶ በቻይና በኩል አልፎ በ1913 ዓ.ም ኢየሩሳሌም ደረሰ። ከቫርቫራም ጋር በጌቴሴማኒ በመግደላዊት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። ከ32 ዓመት በፊት የተመኘችው ስፍራ ይህ ነበር። ሽቱ ይዛ ወደ ጌታችን መቃብር በማለዳ የገሠገሠችው የመግደላዊት ማርያም ቤት፣ መድኃኒት ይዛ ወደ ድውያን የገሠገሠችውን ተቀበለቻት።

የተዘጋው በርና የተረፈው ዘር

በሞስኮ የቀሩት እኅቶች መሪያቸው ከተወሰደች በኋላ ስምንት ዓመት ያህል ሥራቸውን ቀጠሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ማኅበር መሥራቹ ሲሄድ አብሮ ይሄዳልና። በ1918 ዓ.ም ግን ቤቱ ተዘጋ። ከእኅቶቹ አንዳንዶቹ ወደ መካከለኛው እስያ ተጋዙ፤ ቀሲስ ሚትሮፋንም እስርና ግዞት ተፈራረቀባቸው። ቤተ ክርስቲያኑ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት፣ ኋላም የጥንታዊ ሥዕሎች ማደሻ ሆነ።

ዘሩ ግን ፈጽሞ አልጠፋም። የኤልሳቤጥ የእኅቷ ልጅ የሆነችው የግሪኳ ልዕልት አሊስ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአቴና ለድኾች ምግብ ስታድል፣ በናዚዎች የሚታደኑ አይሁድንም በቤቷ ስትሸሽግ ኖራ፣ በ1941 ዓ.ም በማርታና በማርያም ስም የእኅቶች ማኅበር በግሪክ አቋቋመች። እውነቱን ለመናገር ይህ ማኅበር የሚገቡበት ሴቶች በመጥፋታቸው ብዙ አልቈየም። የተዘራ ሁሉ አይበቅልም። እርሷም እንደ አክስቷ በጌቴሴማኒ እንድትቀበር ተናዝዛ ነበርና አስከሬኗ ዛሬ በዚያው ይገኛል።

በሩሲያ የኮሙኒስቶች ዘመን ካለፈ በኋላ ቤቱ ደረጃ በደረጃ ለቤተ ክርስቲያን ተመለሰ። የሩሲያ ቤተ ክርስቲያንም በ1984 ዓ.ም ኤልሳቤጥንና ቫርቫራን ከሰማዕታት ቈጠረቻቸው። ዛሬ በዚያ ግቢ ወላጅ አልባ ልጃገረዶች ያድጋሉ፤ ሴሬብራል ፓልሲ ያለባቸው ሕፃናት ይታከማሉ፤ በማይድን ሕመም የተያዙ ሕፃናትም በየቤታቸው እየተጐበኙ ይረዳሉ። የሥራው ዓይነት እንደ ዘመኑ ተለውጧል፤ ማርታና ማርያም ግን ዛሬም አብረው ናቸው። በ2001 ዓ.ም የተከበረው መቶኛ ዓመትም ይህ ይመስለኛል። ሲጀመር የነበረው አሳብ ተቀብሮ ሳለ አልሞተም ነበር፤ ወደ ብርሃን ሲወጣም ያንኑ ሥራ መሥራቱን ቀጠለ።

መበለቶቹ ያሳዩት ልብስ

ውድ አንባብያን፣ አሁን ወደ ተነሣንበት ጥያቄ እንመለስ። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ስለ አንዲት በጎ አድራጊ ሴት ተጽፏል። በኢዮጴ ትኖር የነበረችው ጣቢታ ታማ ሞተች። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጣ ጊዜ መበለቶች ሁሉ እያለቀሱ በዙሪያው ቆሙ። ምን አደረጉ? ጣቢታ በሕይወት ሳለች የሠራችላቸውን ቀሚስና ልብስ አሳዩት። (የሐዋ. 9፥36-41)

ስለ ጣቢታ የተናገረችው ጣቢታ አይደለችም። ማኅበሯም አይደለም። የተናገሩት ልብሱን የለበሱት ናቸው። የአንድ ማኅበር ዕድሜ የሚቈጠረው እንዲህ ነው። በ25ኛ ዓመታችን ላይ ቆሞ «ይህን ያለበሱኝ እነርሱ ናቸው» የሚል አንድ ሰው ከሌለ፣ 25 ዓመት የኖረው ስማችን እንጂ ሥራችን አይደለም። 17 ዓመት ብቻ ሠርቶ የተዘጋ ቤት ግን ቁስላቸው የታሰረላቸው፣ ከኺትሮቭካ የተወሰዱ ሕፃናት፣ ፊደል የቈጠሩ ሠራተኛ ሴቶች ስላሉት መቶ ዓመት ይከበርለታል።

ከዚህ ታሪክ ለሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮች ላንሣ።

አንደኛ፣ ማርታና ማርያምን አንለያይ። በየሰንበት ትምህርት ቤቱ መዝሙር ክፍልና በጎ አድራጎት ክፍል እንደ ሁለት ቤት የሚተያዩበት ጊዜ አለ። አንዱ «እኛ እናመሰግናለን» ይላል፤ ሌላው «እኛ እንሠራለን» ይላል። የኤልሳቤጥ እኅቶች ጸሎቱንም ፋሻውንም በአንድ እጅ ያዙት። አረጋዊት እናትን ለማጠብ የሄደ ወጣት መዝሙሩን በዚያው ቢያሰማቸው፣ የሚዘምረውም ወር በገባ አንድ ቀን ባልዲ ቢያነሣ፣ ሁለቱም ምሉዓን ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ ምሕረት ትምህርት ትሻለች። እነዚያ እኅቶች ርኅራኄ ስላላቸው ብቻ ወደ ቁስል አልገቡም፤ ከሐኪሞች ተምረው ነው። በየዩኒቨርሲቲው የምንማር ወጣቶች ሕክምናውን፣ ሕጉን፣ ሂሳቡን፣ ምሕንድስናውን እየተማርን ነው። እውቀታችንን ለመመረቂያ ብቻ ካዋልነው ከማኅበራችን አንዱን እጅ ከልክለናል ማለት ነው። የነርስነት ትምህርት የምትማር እኅታችን የአልጋ ቁራኛ ለሆኑ አረጋውያን የምታውቀው ነገር፣ ብዙ ብር ከሚሰበስብ ጉባኤ ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛ፣ የእናቶቻችንና የእኅቶቻችን ሥራ ይጻፍ። በአጥቢያዎቻችን ዝክር የሚያዘጋጁት፣ ነዳያንን የሚመግቡት፣ የታመመ የሚጠይቁት፣ ከዕድርና ከሰንበቴ ጀምሮ ሸክሙን የሚሸከሙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በዓሉ ሲከበር ግን ስማቸው በመጽሔቱ ላይ አይገኝም፤ እነርሱ በዚያን ሰዓት ወጥ ቤት ናቸውና። የመበለቶቹን ልብስ ቅዱስ ሉቃስ ባይጽፈው ጣቢታን ማን ያውቃት ነበር? ስለዚህ የበዓል ኮሚቴ ሲዋቀር የመጀመሪያው ሥራ ይህ ቢሆን እላለሁ። አንድ ወጣት ደብተርና እስክርቢቶ ይዞ ከአረጋውያን እናቶች እግር ሥር ይቀመጥ፤ «በዚያ በችግሩ ዘመን ምን ሠራችሁ? ማንን አበላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ዛሬ ካልጠየቅናቸው ነገ የምንጠይቀው መቃብራቸውን ነው። ዛሬ የሚያገለግሉት እኅቶችም ወጥ ቤት ብቻ ሳይሆኑ ውሳኔው በሚወሰንበት ጉባኤ ይቀመጡ፤ የድኻውን ችግር ከሁላችን ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው።

በሚቀጥለው ዓመት በዓል የምታከብሩ ካላችሁ ይህችን አንዲት ነገር ሞክሩ። ለባነርና ለቲሸርት ከምታወጡት ላይ ከፍላችሁ የአንድ ቤተሰብ የቤት ኪራይ ክፈሉ፤ ወይም የአንድ ተማሪ ደብተር ግዙ። በበዓሉ ቀንም ከክብር እንግዶች አስቀድማችሁ ነዳያንን በማዕዱ ላይ አስቀምጧቸው። ያን ጊዜ በዓላችሁ ምስክር ይኖረዋል፤ ምስክሩም እናንተ አትሆኑም።

በላዔ ሰብእን ስለ ጥርኝ ውኃ ይቅር ያሰኘች እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም፣ የእኛንም ጥቂት ሥራ በልጇ ፊት ታሳስብልን። እጆቻችንን ለምሕረት፣ አንደበታችንን ለምስጋና ያቅናልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣
ወለወላዲቱ ድንግል፣
ወለመስቀሉ ክቡር።